የድሮ ቮልስ ፍሬቻ አልሠራ ሲል፦ ፍላሸር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ወደ ግራ ልታጠፍ የፍሬቻውን እጀታ ወደ ታች አደረግኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት በራች። አሳይቻለሁ ብዬ መሪውን ስጠመዝዝ በግራዬ የመጣ ሞተረኛ ለጥቂት ሳተኝ። መስታወቴን ነክቶት አለፈና ትንሽ ሄዶ ቆመ። ተመልሶ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "ወንድሜ፣ ፍሬቻ አታሳይም እንዴ?" ብቻ አለኝ። "አሳይቻለሁ!" አልኩት። እጄን ይዞ ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰደኝ። የግራው መብራት ድርግም ብሎ ጨልሟል።

እሱ ልክ ነበር። እኔም አልዋሸሁም፤ መኪናዋ ናት ያታለለችኝ። ለነገሩ እሷም ነግራኛለች፣ ያላዳመጥኳት እኔ ነኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት በርታ ቀረች እንጂ ብልጭ ድርግም አላለችም። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ እመለስበታለሁ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። "ፍላሸር ነው" ተባለ፣ ተቀየረ። አንድ ሳምንት ሠርታ ተመልሳ ጠፋች። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ "እጀታው ነው" ተባለ፣ ተቀየረ። ለውጥ የለም። በሦስተኛው ላይ መካኒሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ ኤሌክትሪሺያን አገኘሁ። አንዲት ሽቦ አንስተው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከኋላ መብራቱ ብረት ጋር አነካኩት። ፍሬቻው ቦግ አለ! ከዓመት በፊት መኪናዋን ቀለም ሳስቀባ መብራቱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቀለም ገብቶ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ዝጓል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው መልሰው አሰሩት። አለቀ። ሁለት አዲስ ዕቃ የገዛሁት ለአንድ ሳንቲም ለማታክል ዝገት ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። የድሮ መኪና ፍሬቻ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ዕቃው ሳይሆን መንገዱ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት፣ በተለይ ደግሞ የሚመለስበት መንገድ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ቮልስ አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያስወጣቸው በቮልስ እንደነበር ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ጀርመን ውስጥ መሠራቷ እ.ኤ.አ. በ1978 ቆመ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በአጠቃላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዛሬም ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ ብትነዱ አንዷ ታልፋችኋለች፣ አንዳንዴም ሙሽራ ይዛ። ቶሎ የሚጠፉም አይመስለኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እናም ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኗል። በነገራችን ላይ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ለላዳም፣ ለፊያትም፣ ለድሮ ኮሮላም ይሠራል።

"ፍሬቻ" የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ቀስት ማለት ነው። የጥንቶቹ ቮልሶች ላይ ደግሞ ነገሩ እውነትም ቀስት ይመስል ነበር፦ በሩና የኋላው መስኮት መካከል ካለው ምሰሶ ውስጥ ትንሽ ክንድ ወጥታ ትዘረጋለች፣ ውስጧ መብራት አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ገደማ እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው አሁን የምናውቀው ብልጭ ድርግም የሚለው የመጣው።

አሁን ወደ ሥራው።

ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ይነሳል። ባትሪው ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በመኪናው ቁልፍ በኩል አልፎ ወደ ፊውዝ ይሄዳል፣ ከፊውዝ ወደ ፍላሸር፣ ከፍላሸር ወደ መሪው ላይ እጀታ። እጀታው ግራ ወይም ቀኝ ብሎ ይከፍለዋል። ከዚያ የፊትና የኋላ አምፖሎችን ያበራና በመኪናው ብረት፣ ማለትም በቦዲው፣ አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ብዙ ሰው እስከ አምፖሉ ያለውን ብቻ ነው የሚያስበው። መመለሻውን ይረሳል። ኤሌክትሪክ ግን መመለሻ ካላገኘ አይሄድም፤ ታክሲ ሰው ጭኖ ሄዶ መመለሻ መንገዱ ከተዘጋበት ሁለተኛ ዙር እንደማይኖረው ማለት ነው።

ፍላሸር የምንላት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ ሲሞቅ የሚታጠፍ ስስ ብረት ወይም ሲሞቅ የሚረዝም ቀጭን ሽቦ አለ። ወደ አምፖሎቹ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያሞቀዋል፣ ይነቃነቃል፣ ይቆርጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል። "ቀጭ ቀጭ" የሚለው ድምፅ ይሄ ነው። ስለዚህ ፍላሸሩ ስንት አምፖል እንደበራ በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ መጠን "ያውቃል"። አንዱ አምፖል ከጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፣ እሱም ጸባዩን ይቀይራል። እንደ ፍላሸሩ ዓይነት ወይ እንደ እብድ ይፈጥናል፣ ወይ ይንቀራፈፋል፣ ወይ ደግሞ እንደኔ መኪና በርቶ ይቀራል።

እንግዲህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ግራም ቀኝም ሞክሩ። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። ስልካችሁ ላይ ባለው ሰዓት 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት።

በአንድ በኩል ብቻ ከተበላሸ፣ ለምሳሌ ቀኙ ደህና ሆኖ ግራው ካልሠራ፣ ፍላሸሩን ተዉት። ለሁለቱም የሚያገለግለው አንድ ፍላሸር ነው፤ በቀኝ ከሠራ በሕይወት አለ። ፊውዙም እንደዚያው። ችግሩ በዚያ በኩል ያለው አምፖል፣ የአምፖሉ መቀመጫ፣ ቦዲው ወይም የእጀታው የግራ ኮንታክት ላይ ነው። ይህቺን አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያውን ፍላሸር አልገዛም ነበር። የሸጠልኝ ልጅም ያውቅ ይሆናል፣ አላውቅም።

በሁለቱም በኩል ምንም ከሌለ፣ ድምፅም ብርሃንም ከጠፋ፣ ያኔ ወደ ፊውዝ፣ ወደ ሀዛርድ ማብሪያና ወደ ፍላሸር እንሄዳለን።

ከአምፖሉ ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። የመብራቱን ሽፋን በሁለት ብሎን ትፈታላችሁ። አምፖሉን ገፋ አድርጋችሁ ስታዞሩት ይወጣል። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ወይም መስታወቱ ጠቁሮ ከሆነ ተቃጥሏል። ስትገዙ 21 ዋት በሉ፤ 5 ዋት ከሰጧችሁ ይበራል ግን ፍላሸሩ ግራ ይጋባል፣ ቀን ላይም አይታይም። ሌላም አለ፦ የፍሬቻ አምፖል ባለ አንድ ሽቦ ነው፣ ከጎኑ ያሉት ሁለት ጉጦች እኩል ቁመት ላይ ናቸው። የፍሬንና የኋላ መብራት አምፖል ግን ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ ጉጦቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላሉ። በጉልበት ካስገባችሁት ይገባ ይሆናል፣ ግን በትክክል አይሠራም።

አምፖሉ ደህና ከሆነ መቀመጫውን እዩ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ዝገት ነው። የእኛ ክረምት ለዚህ ጎበዝ ነው፤ ሽፋኑ ሥር ያለው ጎማ አንዴ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት፣ መሃል ላይ ያለችውን ምላስ በካቻቢቴ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጓት። ይህን ስትሠሩ ፍሬቻው መጥፋቱን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ሾርት ታደርጉና ፊውዝ ታቃጥላላችሁ።

ቀጥሎ ቦዲው ነው፣ ብዙው ሰው የሚዘለው። ቮልስ ላይ የፊት ፍሬቻው ፓራፋንጎው አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ፓራፋንጎው ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በብሎን ነው፣ መሃላቸው ላስቲክ አለ። ብሎኑ ከዛገ ወይም ቀለም ከገባበት መብራቱ ተነጥሎ ይቀራል። ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም ያልሆነ መኪና፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን መመለሻ የለውም። እንዲያውም አዲስ የተቀባ ቮልስ ከአሮጌው በላይ ለዚህ ይጋለጣል።

ምልክቱን ልንገራችሁ። ፍሬቻ አሳይታችሁ ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ከፈዘዘ ወይም ከቆመ፣ ወይም ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር የኋላ መብራቱ አብሮ ከተርገበገበ፣ ዘጠና በመቶ ቦዲው ነው በሉኝ። ሁለቱ መብራቶች አንድ መመለሻ እየተሻሙ ነው። ማረጋገጫው ሽማግሌው ያሳዩኝ ነው፦ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሽቦ ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ ንጹሕ የሆነ የመኪናው ብረት ላይ ወይም ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ብረት ላይ አስነኩ። ቦግ ካለ አገኛችሁት። ፈትታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ከላይ ትንሽ ግራሶ ብትቀቡት ለሚቀጥለው ክረምት ይረዳል። ሌላው መፍትሔ ከመብራቱ ወደ ቦዲ የራሱ ሽቦ መዘርጋት ነው፤ ቮልስ ላይ ቡናማ ሽቦ ሁሉ ወደ ቦዲ የሚሄድ ስለሆነ ቡናማ ብትጠቀሙ ነገ የሚሠራው ሰው ይመርቃችኋል።

ስለ ሽቦ ቀለም ካነሳን፦ ጥቁር ከነጭ መስመር ጋር የግራ ፍሬቻ ነው፣ ጥቁር ከአረንጓዴ ጋር የቀኝ፣ ጥቁር ነጭና አረንጓዴ ያለበት ደግሞ ከፍላሸር ወደ እጀታ የሚሄደው። በርግጥ ይሄ ማንም ካልነካካው ነው። ሃምሳ ዓመት የኖረች መኪና ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይነካካው አይቀርም፤ እኔ መኪና ውስጥ የስልክ ገመድ ተቀጥሎ አግኝቻለሁ።

አሁን ሁለቱም በኩል ለሞተበት። የፊውዝ ሳጥኑ በአብዛኞቹ ቮልሶች ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከመሪው አጠገብ ነው። ፊውዞቹ ጥይት ይመስላሉ፣ ነጮቹ 8 አምፒር ናቸው፣ ቀዮቹ 16። ከላያቸው ላይ የምትሄደው ስስ ብረት ከቀለጠች ይታያችኋል። ሳትቀልጥም ግን ላትሠራ ትችላለች፤ ጫፎቿና መያዣው ይዝጋሉ። መኪናውን አጥፍታችሁ ፊውዙን በጣታችሁ ብታሽከረክሩት ብቻ የሚነሳ ፍሬቻ ስንት አለ!

ሀዛርድ ማብሪያ ያላቸው ቮልሶች ላይ አንድ የማይጠረጠር ቦታ አለ። ወደ ፍላሸሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሀዛርዱ ማብሪያ ውስጥ ያልፋል። ሀዛርድ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚነካው፣ ኮንታክቱ ይቆሽሻል። ስለዚህ ሀዛርዱ ሲበራ አራቱም የሚሠሩ፣ ፍሬቻ ሲሆን ግን ምንም የሌለ ከሆነ ፍላሸሩም አምፖሎቹም ደህና ናቸው ማለት ነው። ሀዛርዱን ሃያ ሠላሳ ጊዜ አብሩት አጥፉት። ቀልድ አይደለም፣ ቆሻሻው ይፋቃል። አንድ ጓደኛዬ ላፍቶ ከሚገኘው ቤቱ በር ላይ ቆሞ በዚህ ብቻ አስነስቶታል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልሆነ ያኔ ፍላሸር ግዙ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ እግሮቹ ላይ የተጻፈውን አወዳድሩ። ጀርመን ሠራሽ ላይ 49 የሚለው መግቢያ ነው፣ 49 ኤ የሚለው ወደ እጀታ መውጫ፣ 31 ካለው ደግሞ ቦዲ። ሌላው ደግሞ ቮልቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፣ አንዳንዱ ከዚያም በኋላ። ባትሪው ላይ ያሉትን መሙያ ቀዳዳዎች ቁጠሩ፦ ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ከሆኑ 12። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 3.5 አምፒር ይወስዳሉ፣ በ6 ቮልት ግን 7 አምፒር። ስለዚህ ባለ 6 ቮልት መኪና ዝገትን ፈጽሞ አይታገስም።

ኤልኢዲ ልግጠም ለምትሉ (ታውቃላችሁ ራሳችሁን)፦ ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚወስደው፣ የድሮው ፍላሸር አምፖል የለም ብሎ ያስባል። ለኤልኢዲ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር አብሮ መቀየር አለበት። ዳሽቦርዳቸው ላይ ለግራም ለቀኝም አንድ መብራት ብቻ ያላቸው አንዳንድ የድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ ግራ ስታሳዩ አራቱም ብልጭ ሊሉ ይችላሉ፤ በዚያች አንድ መብራት በኩል የሚሾልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲ በቂ ነው። እኔ ብሆን የፋብሪካውን አምፖል አልለቅም።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር። ፊውዝ ሲቃጠልባችሁ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ወይም ሚስማር ከትታችሁ አትሂዱ። ስንት መኪና ውስጥ እንዳየሁት! ይሠራል፣ ችግሩም መሥራቱ ነው። ፊውዝ የተቃጠለው የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ስለነካ ነው። ፊውዙ እንዳይቆርጥ ስታደርጉት የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ይሆናል፣ ሽቦው ደግሞ ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ካለው የቤንዚን ታንክ ብዙም ሳይርቅ ነው። ባትሪውም እንደዚያው፤ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ መሸፈኛው ከጠፋና ከባድ ሰው ከተቀመጠበት የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ሊነካ ይችላል። ቮልሶች በዚህ ተቃጥለው ያውቃሉ። ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቁ፣ እግረ መንገዳችሁንም መሸፈኛው መኖሩን እዩ።

ብቻችሁን ስትሠሩ ኋላውን ማን ያይላችኋል? ስልካችሁን ከመኪናው ኋላ ድንጋይ ላይ አቁሙት፣ ቪዲዮ ክፈቱ፣ ገብታችሁ ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን፣ ከዚያ ግራና ፍሬን አንድ ላይ አሳዩት። ወጥታችሁ ተመልከቱት። እኔ አሁን ለቦሎ ምርመራ ከመሄዴ በፊት፣ ከዚያም ውጪ በየወሩ መጀመሪያ አደርገዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እስክትጠግኑት ድረስ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የተማራችሁትን የእጅ ምልክት ተጠቀሙ፤ ቀለበት መንገድ ላይ ሰዉ ያፈጥባችኋል፣ ያፍጥ። ያ ሞተረኛ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ተሠርታለች።